የአሮጌ ፒክአፕ በር ሲወርድ፦ ማጠፊያውን፣ በሩንና መቆለፊያውን በራስ እጅ መቀየር

በሩን ሁለቴ ሦስቴ ካልመታችሁት አልይዝ ይላል? ስትከፍቱት የኋላ ጫፉ ዘጭ ይላል? ጋቢና የተቀመጠው ሰው ሊወርድ ሲል «ቆይ፣ እኔ ከውጭ ልክፈትልህ» ማለት ጀምራችኋል? እንግዲያው እንነጋገር።

የእኔዋ ሃይሉክስ ናት፤ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ደብል ጋቢና። ሞተሯ ዛሬም ሰዓት ነው። በሮቿ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲከፈቱና ሲዘጉ ኖረው ደክሟቸዋል። ልለውጣት አስቤ ነበር፤ ግን በምን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ማስገባት ቆመ። ስለዚህ ያለችውን ጠግኖ መያዝ ነው የቀረን።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። የሹፌሩ በር ሲወርድብኝ ቀጥታ ሄጄ በር ገዛሁ። ቀለም አስቀባሁ፣ አስገጠምኩ። ሳምንታት አልቆየም፤ እሱም ወረደ። አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ (የመኪና ቆርቆሮ ጠጋኝ) ዘንድ ወሰድኳት። «ጋሼ፣ ሌላ በር ልፈልግ እንዴ?» አልኳቸው። በሩን ግማሽ ከፈቱት። ጣቴን ይዘው የላይኛው ማጠፊያ ላይ አስቀመጡት። በሌላ እጃቸው በሩን ከኋላ ጫፉ አነሳ፣ ለቀቅ አደረጉት። ጣቴ ሥር ቋ ቋ ይላል። «አየህ ልጄ፣ በሩ ምን በደለ? የሞተው ማጠፊያው ነው» አሉኝ። ያለ ጥፋቱ የተጣለው የድሮው በሬ ታወሰኝ።

ጥፋተኛውን መለየት

እሳቸው ያደረጉትን እናንተም ቤታችሁ አድርጉት። ሁለት ሰው ይበቃል። በሩን ግማሽ ክፈቱ። አንዳችሁ ከኋላ ጫፉ ሥር ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት፣ ልቀቁት። ሌላችሁ ጣታችሁን ማጠፊያው ላይ አድርጉና ዓይናችሁን አትንቀሉ።

የማጠፊያው ሁለት ክንፎች እርስ በርሳቸው ከተንቀሳቀሱ፣ በመሃል ያለው ፒን ወይም ቡሺንጉ (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) ተበልቷል። ማጠፊያው እንዳለ፣ የተገጠመበት ላሜራ ጭምር እየተነፈሰ ከሄደ ግን ነገሩ ይከፋል፤ የጋቢናው ምሰሶ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ይሄ የበያጅ ሥራ ነው። ምሰሶው ሳይበየድ አዲስ በር መስቀል ገንዘብ መጣል ነው። ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ ብሎኖቹን ፈትሹ። ላልተው ሊሆን ይችላል፤ የ12 ቁልፍ ብቻ ይዛችሁ በአምስት ደቂቃ ትገላገላላችሁ።

ቀጥሎ የበሩን ሆድ እዩ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የማንኛውም መኪና በር ውስጥ ዝናብ ይገባል። በመስታወቱ ዳር ወርዶ፣ በበሩ የታችኛው ጠርዝ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። እንዲህ ተብሎ ነው የተሠራው። ችግሩ የአዲስ አበባ አቧራና ጭቃ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃው እዚያው ይተኛል፤ በሩም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። ቀለሙ ፊኛ ሲያወጣ ካያችሁ ከውስጥ አልቆለታል። ጠርዙን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት። ከገባ በስብሷል። ብስባሹ የእጅ መዳፍ የሚያክል ከሆነ ባትላሜራ ላሜራ ቆርጦ ይተካዋል። የታችኛው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ከሄደ ግን በር ፈልጉ።

ገበያው ላይ

ሶማሌ ተራ ያገለገለ አካል ታገኛላችሁ። ተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ደግሞ አዳዲስ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። የትም ብትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የበራችሁን ፎቶ ከውጭም ከውስጥም አንሱ። በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት፣ የበሩን ወርድና ቁመት ለኩና ጻፉ። ሜትርና በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ኪሳችሁ ይግባ።

«ሃይሉክስ ሃይሉክስ ነው» የሚል ደላላ ያጋጥማችኋል። አይደለም። እስከ 1997 የተሠራው፣ ከዚያ እስከ 2005 አካባቢ የቀጠለውና ቪጎ የምንለው (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር) በራቸው አይገናኝም። የሲንግል ጋቢናና የደብል ጋቢና የፊት በርም አንድ ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ ለኩት። የመስታወት ማንሻው በእጅ የሚዞር ይሁን በመብራት የሚሠራ ተመልከቱ። መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የወጣ በር ከሆነ፣ የሹፌሩ የመስታወት ማዘዣ ያለው በተቃራኒው በር ላይ ነው። የስፖኪዮው አቅጣጫም የተገላቢጦሽ ነው። ቆርቆሮው ሊገጥም ይችላል፤ ዕቃው ግን አይሆናችሁም።

ማግኔቱን በበሩ ፊት ላይ፣ በተለይ በታችኛው ሲሶ ላይ አንሸራትቱ። ድንገት አልይዝ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ልጥፍ) ተሞልቷል። በሩን አጋድማችሁ በጠርዙ በኩል በአንድ ዓይን እዩት፤ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ተጣሟል? የተጣመመ በር በማጠፊያ ማስተካከል አይድንም።

አንድ የከተማችን ነገር አለ። ሌባ እንዳይወስደው ብለን መስታወትና ስፖኪዮ ላይ የታርጋ ቁጥር እናስጽፋለን። ያገለገለ በር ከእነ መስታወቱ ስትገዙ የሌላ ሰው ታርጋ ይዞ ሊመጣ ይችላል። መስታወቱን እዚያው ተዉት፤ የራሳችሁ ይበቃል። ደረሰኝ ደግሞ ሳትይዙ እንዳትወጡ። በኋላ ትራፊክ ወይም ፖሊስ «ይሄ ከየት መጣ?» ሲል መልሱ እሱ ነው።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ቆርቆሮው ያገለገለ ኦሪጅናል ይሁን። ርካሹ አዲስ በር ላሜራው ስስ ሆኖ ጠርዙ ላይ አልገጥም ሲል አይቻለሁ። የበር ጎማ ግን ሁሌም አዲስ ይሁን፤ የደረቀ ጎማ አውጥቶ የደረቀ ጎማ ማስገባት ምን ይባላል? ማጠፊያ ያገለገለ የምትገዙት በእጃችሁ ነቅንቃችሁ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። የላይና የታች፣ የግራና የቀኝ እንደሚለያይም አትርሱ። ካልተገኘ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀርጹበት) ውሰዱት። ፒኑን አውጥተው፣ ቀዳዳውን አስፍተው፣ የነሐስ ቡሺንግና አዲስ ፒን ይሠሩላችኋል። የእኔ የላይኛው እንደዚያ ነው የዳነው።

ቀለም መጀመሪያ፣ መስቀል በኋላ

ብዙዎች በሩን ሰቅለው ከዚያ ያስቀባሉ። እኔ አልስማማም። በሩ መሬት ላይ እያለ ነው ሁሉም ጎኑ የሚደረሰው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ግፈፉ፣ አንቲረስት ቀቡ፣ ከዚያ ቀለሙን የውስጥ ጠርዙን ጨምሮ አስቀቡ። የታችኛው እጥፋት ውስጥ፣ ሁለቱ ላሜራዎች የሚገናኙበት ላይ፣ ግራሶ ወይም ሰም በብሩሽ አስገቡ። የተቃጠለ ዘይት የሚያፈሱ አሉ። ዘይቱ ከበሩ ሥር ይንጠባጠባል፣ ጎማውንም ያልመዋል። ይቅርባችሁ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በቀለም እንዳይደፈኑ በሽቦ ክፈቷቸው።

ቀለሙ ከመኪናው ጋር አንድ ይሁን። መኪናዋን በሙሉ ወደ ሌላ ቀለም የምትለውጡ ከሆነ ግን ሊብሬው ላይ የተጻፈውም መለወጥ እንዳለበት አስቡ፤ ቦሎ ስትሄዱ ይጠይቋችኋል።

ማውለቅ

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። የ10 እና የ12 ቁልፍና ቡሶላ፣ ትልቅ ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ጣውላና አሮጌ ብርድ ልብስ። ከተቻለ በመዶሻ ሲመቱት የሚዞረውን ካቻቢቴ ተዋሱ። መቆለፊያውን የያዙት ትልልቅ ባለመስቀል ብሎኖች ለዓመታት ደርቀው ስለቆዩ በተራ ካቻቢቴ ራሳቸው ይበላል። አንዴ ከተበላ ደግሞ በድሪል ማውጣት ነው፤ ድሪል ስትይዙ መብራት መጥፋቱ አይቀርም። ሥራው ከመጀመሩ ከአንድ ቀን በፊት ብሎኖቹን ሁሉ ደብልዩዲ 40 ረጭታችሁ አሳድሯቸው።

ጠዋት ላይ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ። ከዚያ የበሩን የውስጥ ሽፋን ማውጣት ነው።

በእጅ የሚዞረው የመስታወት ማዞሪያ ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ብሎን የለውም። ከኋላው የፈረስ ኮቴ የምትመስል ትንሽ የሽቦ ክሊፕ አለችው። በካቻቢቴ እያሰሱ ሽፋኑን መቧጨር አያስፈልግም። አሮጌ ጨርቅ በቁመቱ ቅደዱ። በማዞሪያውና በሽፋኑ መካከል አስገቡትና ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ፣ ጫማ እንደምትወለውሉ፣ ወዲያና ወዲህ ጎትቱ። ጨርቁ ክሊፗን ይነክሳትና ወደ ላይ ይገፋታል። ጧ ብላ ትበራለች። ስለዚህ በሌላ እጃችሁ ጋርዷት፤ የእኔን የግቢያችን ዶሮ ልትውጣት ምንም አልቀራትም።

የክንድ ማስደገፊያውን ሁለት ብሎኖች፣ የውስጥ እጀታውን አንድ ብሎን ፍቱ። ሽፋኑን ከሥሩ ጀምራችሁ በየክሊፑ አጠገብ ቀስ እያላችሁ ላጡት። ከሥሩ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ ላስቲክ ታገኛላችሁ። እባካችሁ አትቅደዱት። በሩ ውስጥ የሚወርደው ዝናብ ወደ ጋቢናው እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። «ምንጣፌ ለምን ይረጥባል?» የሚሉ ሰዎችን በር ብትከፍቱ፣ ብዙዎቹ ላይ ላስቲኩ የለም ወይ ተቀዷል።

አሁን ሽቦ ካለ ሶኬቱን ንቀሉ። በሩን ከልክ በላይ እንዳይከፈት የሚይዘውን ማገጃ ከምሰሶው ፍቱ። ከዚያ በኋላ በሩን በእጃችሁ ያዙት፤ ነፋስ ቢመታው ፓራፋንጎውን (የፊት ጎማውን የሚሸፍነውን የጎን ላሜራ) ይገለብጠዋል።

ማጠፊያዎቹ የተቀመጡበትን ቦታ ዙሪያቸውን በማርከር አስምሩ። ይህች መስመር በኋላ ግማሽ ቀን ታተርፍላችኋለች። ክሪኩን ከበሩ ሥር፣ ጣውላና ብርድ ልብስ ደርባችሁ፣ የበሩን ክብደት እስኪቀበል ብቻ አንሱት። አንድ ሰው በሩን ይያዝ። የታችኛውን ማጠፊያ ብሎኖች አስቀድማችሁ ፍቱ፣ የላይኛውን በመጨረሻ። በአንዳንድ መኪና የምሰሶው ብሎኖች ከፓራፋንጎው ጀርባ ስለሚገቡ የፓራፋንጎውን የኋላ ጠርዝ ማላላት ይጠይቃል።

በራችሁ ደህና ሆኖ ማጠፊያ ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ ግን በሩን ጨርሶ አታውርዱ። በክሪክ ደግፋችሁ አንዱን ማጠፊያ ብቻ ቀይሩ፣ አጥብቁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። በሩ ቦታውን አይስትም።

የድሮውን ዕቃ ወደ አዲሱ በር ማዛወር

የቁልፍ ሲሊንደሩን ከድሮው በር አውጡ። ያለበለዚያ ለአንድ መኪና ሁለት ሦስት ቁልፍ ተሸክማችሁ ልትዞሩ ነው። መስታወቱን፣ ማንሻውንና የመስታወቱን መሄጃ ጎማ አዛውሩ። የማንሻውን ጥርሶችና ሐዲዱን በግራሶ ቅቡ።

መቆለፊያውን በነዳጅ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ትንሽ ግራሶ ስጡት። ብዙ ጊዜ «አልቋል» የተባለ መቆለፊያ የሠላሳ ዓመት አቧራ ከደረቀ ግራሶ ጋር ተጋግሮበት ነው። ምላሱ በጣት ሲገፋ ሁለት ጊዜ ቀጭ ካለና ሞላው በኃይል ከመለሰው ደህና ነው። የዘንጎቹን የፕላስቲክ ክሊፖች ግን አዲስ ግዙ። እነዚህ ምስማር የሚያክሉ ነገሮች ናቸው በሩን የሚከፍቱት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለችውን አንቀጽ ካልዘለላችሁ ሌላውን ብትዘሉም ይቅር እላችኋለሁ። በሩ ክፍት እያለ የመቆለፊያውን ምላስ በካቻቢቴ እየገፋችሁ ቆልፉት። ከዚያ በውጭው እጀታ ክፈቱት። ድገሙና በውስጡ እጀታ ክፈቱት። በቁልፍም ሞክሩ። ሁሉም ከከፈተ ብቻ ነው በሩ የሚዘጋው። እኔ አንዱን ዘንግ ሳላገናኝ፣ ሽፋኑን ገጥሜ፣ ደስ ብሎኝ በሩን ዘጋሁት። ያ በር ከውጭም ከውስጥም እምቢ አለ። ሽፋኑን ለማውጣት በሩ መከፈት አለበት፤ በሩን ለመክፈት ሽፋኑ መውጣት አለበት። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል የተባለው ለእኔ ነበር። ሽፋኑን ሰብሬ ነው የወጣሁት።

መስቀልና ማስተካከል

ደብል ጋቢና ሆኖ ሁለቱንም በሮች ካወረዳችሁ ከኋለኛው ጀምሩ። የኋላው በር የሚስተካከለው ከማይንቀሳቀሰው ከጋቢናው አካል ጋር ነው። የፊቱ በር ደግሞ ከኋላው በር ጋር። ከፊት የጀመረ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

በሩ የሚነክሳትን፣ ምሰሶው ላይ ያለችውን ብረት መጀመሪያ አውጧት፤ ቦታዋንም አስምሩ። እሷ እያለች በሩ በራሱ የት እንደሚቀመጥ አታዩም። በሩን በክሪክ አንስታችሁ ብሎኖቹን በእጅ አስገቡ። ማጠፊያውን ከመስመሩ ጋር አገናኙና በግማሽ አጥብቁ። ዝጉት። ዙሪያውን ያለውን ክፍተት እዩ። ከላይ እስከ ታች እኩል ይሁን፤ አራት አምስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ ነው። እኔ በዚያ ውፍረት የታጠፈ ካርቶን ቆርጬ በየቦታው እያስገባሁ ነው የለካሁት።

በሩ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄድ ካለበት በምሰሶው በኩል ያሉትን ብሎኖች አላሉ። ወደ ውስጥ ገብቶ ወይም ወደ ውጭ ወጥቶ ከሆነ በበሩ በኩል ያሉትን። ሁሉንም አንድ ላይ አታላሉ። አንዱን ማጠፊያ ብቻ አላልታችሁ፣ በሩን በሚሊ ሜትር ገፍታችሁ፣ አጥብቃችሁ፣ ዘግታችሁ እዩ። አሰልቺ ነው። ሻይ አስቀርቡ።

ክፍተቱ ካማረ በኋላ ነው ያቺ ብረት የምትመለሰው። ብሎኖቿን በመጠኑ አጥብቋትና በሩን በዝግታ ዝጉ። ሊገጥም ሲል ወደ ላይ ከዘለለ ብረቷ ከፍ ብላለች። ወደ ታች ከወረደ ዝቅ ብላለች። ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። የወረደን በር በዚህች ብረት ማንሳት በየጋራዡ የሚሠራ ማታለያ ነው። ለጊዜው ይዘጋል፤ ግን ክብደቱ መቆለፊያው ላይ ያርፍና እሱንም ይገድለዋል።

ጎማውና ውሃው

አዲሱን የበር ጎማ ከላይኛው ማዕዘን ጀምራችሁ ሳትለጥጡ አስገቡ። የተለጠጠ ጎማ በኋላ ይሰበሰብና ማዕዘኑ ላይ ክፍተት ይተዋል። አዲስ ጎማ ያለው በር ለጥቂት ሳምንት ይከብዳል። ያቺን ብረት ወደ ውጭ አታውጧት፤ ጎማው ራሱ ይለምዳል።

ወረቀት በቀጭኑ ቁረጡ። በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያዝ አድርጎ ከወጣ ጥሩ ነው። ዝም ብሎ ከመጣ እዚያ ጋ ጎማው አይነካም። ዙሪያውን እንዲህ ሞክሩ። ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ ይቀመጥ፣ እናንተ በጆግ ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ አፍስሱ። ከበሩ ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ ብታዩ አትደንግጡ፤ ቀዳዳዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ላስቲኩን መልሳችሁ ለጥፉ፤ የታችኛው ጠርዙ ወደ በሩ ውስጥ መግባት አለበት። ሽፋኑን ግጠሙ። የማዞሪያዋን ክሊፕ አስቀድማችሁ ማዞሪያው ላይ አስቀምጧትና በመዳፋችሁ መታ አድርጉ፤ ትገባለች።

የካሶኒው (የጭነት ቦታው) የኋላ ስፖንዳ፣ ማለትም መዝጊያው፣ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። በሁለቱ ጎን የሚይዙትን ሰንሰለቶች ወይም ማገጃዎች፣ ከሥር ማጠፊያዎቹን ፍቱ፣ ለሁለት አንሱት። አልዘጋ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከእጀታው ወደ ግራና ቀኝ የሚሄዱት ዘንጎች ክሊፕ ስለተሰበረ ነው። ጭነት ተጭኖበት የተጣመመ ከሆነ ግን ባትላሜራ ይየው።

ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናዋን እንደ ወትሮው ንዱ፤ ኮብልስቶንም ይግባ፣ ጉድጓድም ይኑር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የማጠፊያዎቹን ብሎኖች በ12 ቁልፍ እንደገና ሞክሯቸው። የእኔ የላይኛዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ከታችኛዎቹ አንዱ ግን ሩብ ዙር ገባ።